አህያውን መርምሮ ዳውላውን ማለፍ

በሐረር ከተማ የመንገድና የተሽከርካሪ ጉዳይ በእጃችሁ ለሚገኝ፣ ክቡራን ሹማምንት፤

የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ደብዳቤ በሥራችሁ ብዛት ላይ የተጨመረ ትርፍ ነገር ሆኖ እንዳይቈጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዕድሜዬን አብዛኛውን ያሳለፍሁት መሪ ይዤ ነው፤ በመጀመሪያ በላንድሮቨር፣ በኋላም በላንድክሩዘር፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ፣ ከሐረር ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ፣ መንገድ ባለበትም በሌለበትም ቡናና ኦቾሎኒ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ አንዳንድ ጊዜም ሐኪም ቤት መድረስ ያለበትን በሽተኛ ጭኜ ስመላለስ ኖሬአለሁ። አሁን ዐይኔ ስለ ደከመ መሪውን ለልጆች ለቅቄ፣ በሸዋ በር አጠገብ ባለችው ቤቴ ደጃፍ እየተቀመጥሁ የሚያልፈውን ጭነት እቈጥራለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ቈጠራ ነው።

ባለፈው ዘመነ ክረምት፣ ከኤረር በር በታች ባለው ቍልቍለት አንድ ላንድክሩዘር ፒክ አፕ ተገልብጦ አየሁ። ጭኖት የነበረው ሁለት ሺሕ ሊትር የሚይዝ የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ከማጠራቀሚያውም ጫፍ ላይ፣ ገመዱን በእጁ እንዲይዝ የታዘዘ አንድ ረዳት ተቀምጦ ነበር። ልጁ፣ እግዚአብሔር ይመስገንና፣ በሕይወት ተረፈ፤ እግሩ ግን ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰው ሁሉ ተረባርቦ መኪናውን ካቃና በኋላ ቀረብ ብዬ ስመለከት፣ የፊቱ መስተዋት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ፣ በዚያው መስተዋት ጥግ የተለጠፈው የዘመኑ ቦሎ ግን ምንም ሳይነካው ያበራ ነበር። ፍሬኑን ነካሁት፤ ደኅና ነው። ጎማው አዲስ ነው። ባሌስትራውም አልተሰበረም። መኪናው በምርመራ ያለፈው በሐሰት አልነበረም፤ ሲመረመር ግን ባዶውን ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ የቅሬታዬ ሥር ይህ ነው። ተሽከርካሪ በየዓመቱ ታጥቦና ተወልውሎ፣ ከኋላው አንዲት ማዳበሪያ እንኳ ሳይኖር ለምርመራ ይቀርባል፤ መብራቱ ይታያል፣ ፍሬኑ ይረገጣል፣ ጭሱ ይለካል፣ ቦሎው ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ምን ያህል እንደ ተጫነበት፣ ጭነቱ እንዴት እንደ ታሰረ፣ ከኋላው ምን እየጐተተ እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። በመንገድ ላይ ብንቆምም የምንጠየቀው መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ነው። ገና በሥራ ላይ ሳለሁ፣ መኪና አስመርምሬ በምወጣበት ጊዜ፣ ለመርማሪው፣ «ልጄ፣ ጭነቱንስ መቼ ታየዋለህ?» ብለው፣ «አባባ፣ እኛ የምናየው መኪናውን ነው» ብሎ በፈገግታ መለሰልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን ይሠራ ነበር። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ፤ የእኛ ግን ተገላቢጦሹ ሆኖ፣ አህያውን በየዓመቱ እንመረምራለን፣ ዳውላውን ግን ፈርተን ይሁን ረስተን እናልፈዋለን።

ይህ ነገር በሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባልገረመኝ፤ በሐረር መሆኑ ግን ይገርመኛል። ሐረር ከጥንት ጀምሮ በጭነት የኖረች ከተማ ናት። ቡናዋ፣ ጨውና ጨርቋ ወደ ዘይላ ወርዶ ከዘይላም ወጥቶ የሚመላለሰው በግመል ጀርባ ነበር፤ የባቡር ሐዲዱም ከባሕር ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ተራራውን ሊወጣ ስላልቻለ፣ ከተማችን ከሐዲዱ ተለይታ ቀርታ፣ ከዚያ ወዲህ የምትበላውንና የምትለብሰውን ሁሉ ዳገት እያወጣች እንድትኖር ሆነ። እስከ ልጅነቴ ዘመን የነበሩት ግመል ነጂዎች በሕገ ተፈጥሮ የተማሩት ሥርዓተ ጭነት ነበራቸው፤ ግመሉን አንበርክከው፣ የግራውን ሸክም ከቀኙ ጋራ በእጃቸው አንሥተው እየመዘኑ፣ ጭነቱን ወደ ሻኛው አስጠግተው ያስሩታል። ከዐቅሙም በላይ የተጫነበት እንደ ሆነ ግመሉ ራሱ ዳኛ ነው፤ ይጮኻል፣ አንገቱን ያዞራል፣ አልነሣም ይላል። ነጂው ምንም ቢበሳጭ አንድ ዳውላ ማውረዱ አይቀርም።

ላንድክሩዘር ግን አልነሣም አይልም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ይህ መኪና ለአሸዋና ለጭቃ፣ ለድንጋይና ለወንዝ የተሠራ ብርቱ መሣሪያ እንደ መሆኑ መጠን፣ ዐሥር ኩንታል ቢጫንበትም ሃያ ቢጫንበትም ሞተሩ ይጐትተዋል፤ ባለቤቱም ከዳገቱ መውጣቱን አይቶ፣ «ቻለው» ይላል። ሞተር ግን የሚመሰክረው ስለ መውጣት ብቻ ነው። ስለ መውረድና ስለ መቆም የሚመሰክሩት ፍሬኑ፣ ጎማውና ባሌስትራው ናቸው፤ እነርሱም ምስክርነታቸውን የሚሰጡት ቍልቍለት ላይ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የዚህ ዐይነቱ ፒክ አፕ የመጫን ዐቅም፣ እንደ ዐይነቱ ጥቂት ቢለያይም፣ ወደ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ይኸውም በገበያችን ቋንቋ ዐሥር ኩንታል መሆኑ ነው። በዚህ ውስጥ ረዳቱም፣ ትርፍ ጎማውም፣ ሾፌሩ በመንገድ ያሳፈራቸው ሁለት ሦስት ሰዎችም ይቈጠራሉ።

ሰው ክብደትን በዐይኑ የሚመዝን ስለሚመስለው፣ የጭነቱን ነገር በኩንታል ቈጥሬ ላቅርብላችሁ። ሲሚንቶ ከረጢቱ ሃምሳ ኪሎ ነውና ሃያ ከረጢት ሲሆን ዐቅሙ ሞላ፤ በየቀኑ የማየው ግን ሠላሳና ሠላሳ አምስት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ደረቁን ወደ ዐሥራ ስድስት ኩንታል ይደርሳል፣ ዝናብ የነካው እንደ ሆነ ይብሳል፤ ስለዚህ በአካፋ እስከ አፉ የተሞላ ፒክ አፕ፣ ለዐይን ልከኛ መስሎ ሳለ፣ ከሚገባው በላይ ተሸክሟል። ውኃማ ከሁሉ የከፋው ነው። ከተማችን ውኃ ታገኝበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በደረቀባቸው ዓመታት ውኃ በመኪና ማመላለስ እንደ ሙያ ተይዞ እስከ ዛሬ አልተተወም፤ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነውና፣ ሁለት ሺሕ ሊትር የያዘ ማጠራቀሚያ ሃያ ኩንታል ነው፤ የመኪናውን ዐቅም እጥፍ! እንዳይከብድ ብለው ግማሹን ቢሞሉት ደግሞ ሌላ መከራ ይመጣል፤ ጐዶሎ ውኃ በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ወገን ይነጐዳል፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ መኪናው ሊቃና ሲል ማዕበሉ ተመልሶ ይመታዋል። ከኤረር በር በታች የተገለበጠውም እንዲህ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ለደንበኛ ቀድቶ፣ የቀረውን ይዞ ይወርድ ነበር።

ስለ ቁመትም አንድ ነገር ልጨምር። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ ሁሉም ወደ ፊት ተጠግቶ መጫን እንዳለበት የማያውቅ አሮጌ ሾፌር የለም፤ ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት የፊቱን ጎማ ስለሚያቃልለው መሪው በእጅ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራልና። ዛሬ ግን ከባዱ ድንች ከላይ፣ የሰውዬው አልጋና ፍራሽ ከታች ሆኖ አያለሁ፤ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ድንቹ ቀድሞ ስለሚራገፍ ነው አሉኝ። በጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ደግሞ ሌላ ገበያ ሆኗል። (ቃሉ ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሐረር መጋላ ማለት ገበያ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ከነዶሮው ከነቅርጫቱ ሲያልፍ ሳየው ስሙ እዚሁ የወጣለት ይመስለኛል።)

ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን የደንገጎን ቍልቍለት ታውቁታላችሁ። ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ወደ አንድ ሺሕ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ እስኪደርስ በመጠማዘዣ ላይ መጠማዘዣ እየደራረበ የሚወርድ መንገድ ነው። በዚያ ላይ ፍሬን እየረገጠ ከባድ መኪና የሚያወርድ ሾፌር፣ ፍሬኑ ግሎ፣ ሽታው እስከ አፍንጫው ደርሶ፣ በመጨረሻው መጠማዘዣ ላይ እግሩን ቢጭን ምንም እንዳልነካ ይሆንበታል። መድኃኒቱ በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የአሮጌ ሾፌሮች ሕግ ነው፤ በሁለተኛ የወጣው በሁለተኛ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይይዝለታል። በዐቅሙ የተጫነውን መኪና ሞተሩ ይይዘዋል፤ ሃያ ኩንታሉን ግን ሞተርም አይይዘውም።

አሁን ወደ መጐተት ነገር ልምጣ፤ በዚህ በኩል እኔም ጥፋተኛ ስለ ሆንሁ በተለይ ላወራው እፈልጋለሁ። ወጣት ሳለሁ፣ በባቢሌ አሸዋ ውስጥ የሰመጠ አንድ መኪና ላወጣ ገመድ አቀበልሁና፣ የገመዱን ጫፍ በጠንካራው ሻንሲ ላይ ማሰር ሲገባኝ ስለ ቸኰልሁ ፓራውልቱ ላይ ጠምጥሜ፣ ከኋላ ተንደርድሬ ሳብሁት። ገመዱ ተወጠረ፣ ፓራውልቱ ተቀደደ፣ የብረቱ ቍራጭ ከገመዱ ጋራ ተፈትልኮ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ በረዳቴ ጆሮ አጠገብ አለፈ። ረዳቴ ሳቀ፤ እኔ ግን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልሻገረው የኖርሁት ሥርዓት አለኝ፤ ገመድ ከሻንሲው መንጠቆ በቀር በሌላ ነገር ላይ አይታሰርም፣ በገመዱ መካከል ከባድ ብርድ ልብስ ይጣላል፣ ቢበጠስ እንዲያበርደው፤ ተመልካች ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ እጥፍ ተኩል ያህል ይርቃል፤ አሳሳቡም ቀስ ብሎ፣ ገመዱን አስቀድሞ አውጥሮ ነው እንጂ ተንደርድሮ አይደለም።

እኔ ያን ስሕተት የሠራሁት ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ ነበር። ዛሬ ግን የተበላሸ መኪና ሲባጎ በሚመስል ገመድ ታስሮ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሸዋ በር ገበያ መካከል በሴቶችና በሕፃናት መሐል ሲጐተት አያለሁ። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑ የሚረዳውን ኃይል ያጣል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ዳገት ላይ ገመዱ ይወጠራል፣ ቍልቍለት ላይ ይላላል፣ ተጐታቹም ሄዶ የጐታቹን ጀርባ ይመታል። በብረት ዘንግ ቢታሰር ኖሮ ግን ጐታቹ ሲቆም እርሱም ይቆም ነበር። ተሳቢ ጋሪም እንዲሁ ነው። የእነዚህ ብርቱ መኪናዎች ሠሪዎች፣ የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ ሦስት ሺሕ አምስት መቶ ኪሎ ይጐተታል ብለው ሲፈቅዱ፣ ፍሬን የሌለው ግን ከሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ እንዳይበልጥ ይከለክላሉ፤ ከክብደቱም ዐሥር እጅ ያህሉ በመጐተቻው ራስ ላይ እንዲያርፍ ያዝዛሉ፣ ጀርባው የከበደ ተሳቢ ጅራቱን እንደ እባብ እያወዛወዘ መኪናውን ስለሚያዞረው። በከተማችን ከውዳቂ ብረት ተገጣጥሞ የተሠራው ተሳቢ ግን ፍሬን አያውቅም፤ እኔ ያየሁት አንዱ ሠላሳ ከረጢት ሲሚንቶ ነበረበት፣ ይኸውም የተፈቀደው እጥፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ጀጎል አለ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው፣ በሮቹ ሲከፈቱ የታሰቡት ለሰው፣ ለአህያና ለግመል ነበር። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የጥንቶቹ ናቸው፤ ዱክ በር ብቻ በኋላ ዘመን ለተሽከርካሪ እንዲመች የተከፈተ ነው። ወደ ፈረስ መጋላ የሚገባው መኪና ሁሉ በዚያ ሲያልፍ፣ ከዐቅሙ በላይ የተቈለለው ጭነት የጎረቤትን ቆርቆሮና የመብራት ገመድ ሲነካ፣ ከጠባቡም መንገድ ሲደርስ ወደ ኋላ ሲመለስ የአሮጌውን ግንብ ድንጋይ ሲፍቅ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ግንቡ አራት መቶ ዓመት ሲያልፍ የግመል ጭነት አልጎዳውም።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ ልመናዬን በአጭሩ ላቅርብ። መጀመሪያ፣ በዓመታዊው ምርመራ ቀን የየፒክ አፑና የየባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪው የመጫን ዐቅም በኩንታል ተጽፎ በበሩ ላይ በቀለም ይሳልበት፤ ይህ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፣ ገበሬውም ነጋዴውም የሚያነበው ቍጥር ስለ ሆነ መንገደኛው ሁሉ መርማሪ ይሆናል። ሁለተኛም፣ ከባድ የጭነት መኪናዎች በአውራ ጎዳና ላይ በሚዛን ጣቢያ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ ትንንሾቹ ግን በዚያ ስለማያልፉ፣ በሸዋ በርና በኤረር በር መውጫ አንዳንድ ሚዛን ቢተከል ታላቅ ነገር ነው። መጐተትን በተመለከተም፣ በከተማ ውስጥና በቍልቍለት በገመድ መጐተት ቀርቶ በብረት ዘንግ ብቻ እንዲሆን፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢም ልኩ እንዲወሰንለት እጠይቃለሁ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናም ውስጥ ጭነት ማሰርና በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይጨመር፤ ልጆቹ የሚፈተኑት በባዶ መኪና ነው፣ የሚሠሩት ግን በተጫነ ነው።

በጭነት ላይ ሰው ስለ መቀመጡ ስጽፍ ግን ብዕሬ ይያዝብኛል። ገበያ ውላ ማታ ወደ ቀበሌዋ የምትመለስ እናት፣ ሌላ መጓጓዣ ስለሌላት ነው በሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ የምትወጣው፤ ይህን በእገዳ ብቻ ብትከለክሉ እርሷ በእግሯ ሌሊት ትገባለች እንጂ ከአደጋ አትድንም። ስለዚህ ክልከላው የሚጀመረው ማታ ማታ ወደ ገጠሩ የሚሄድ የሰው መኪና ከተመደበ በኋላ እንዲሆን እለምናለሁ። ቅጣትን በሚመለከትም፣ ብዙ ጊዜ ቅጣቱ በሾፌሩ ላይ ብቻ ሲያርፍ አይቻለሁ፤ ሾፌሩ ግን በጉዞ ብዛት ሳይሆን በጭነት ብዛት የሚከፈለው ምንዱብ ሰው ነው፤ ሁለቱን ጉዞ አንድ አድርገህ ጫን ብሎ የሚያዘው የጭነቱ ባለቤት ነው። እርሱም በሕግ ፊት ይጠየቅ።

እኔ በበኩሌ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ለወጣት ሾፌሮች ጭነት ማሰርን በነጻ ላስተምር ፈቃደኛ ነኝ፤ ሁለት ደኅና የመጐተቻ ዘንጎችም በቤቴ አሉኝ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ለማሳያ ቢፈልጋቸው ይውሰዳቸው። እግሩ የተሰበረውን ልጅ ባለፈው ሳምንት ጠይቄው ነበር፤ አሁን በምርኵዝ መቆም ጀምሯል፤ ሲሻለው ወደዚያው ሥራው እንደሚመለስ ነገረኝ። ሲመለስ የሚቀመጥበት ቦታ የውኃ ማጠራቀሚያው ጫፍ እንዳይሆን፣ መልሳችሁን ከልጁ ምርኵዝ መጣል በፊት እንድታደርሱልኝ በታላቅ አክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋራ፣
በሸዋ በር አጠገብ የሚኖር ጡረተኛ ሾፌር
ሐረር